ወደ ግራ የማይታጠፈው ፔጆ

ድሬዳዋ ውስጥ ወደ ግራ በመታጠፍ የሚስተካከለኝ ሰው የለም። ከሳቢያን እስከ መጋላ፣ ከለገሃር እስከ አሸዋ ያለው መስቀለኛ መንገድ ሁሉ ምስክሬ ነው። የትኛው ማዕዘን ላይ የትኛው ዛፍ ምን እንደሚጋርድ፣ ከየትኛው አጥር ጀርባ ባጃጅ እንደ ፌንጣ ተስፈንጥሮ እንደሚወጣ፣ የትኛው ሚኒባስ ፍሬቻ ሳያሳይ እንደሚጠመዘዝ ዓይኔን ጨፍኜ እነግራችኋለሁ። ዛሬ ጠዋት ግን ዓይኔን በልጥጬ፣ ሁለት እጄን መሪው ላይ አጣብቄ፣ ጣሪያዋ ላይ «ለማጅ» የሚል ሰሌዳ የተሸከመች ነጭ ቪትዝ ውስጥ ተቀምጬ፣ ከዚራ አንድ የግራ መታጠፊያ ላይ ቆምኩ። ምን ያህል ጊዜ ቆምክ ብትሉኝ፣ ዘንቢል ሙሉ ፓፓያ ተሸክመው በፊቴ የተሻገሩ አንዲት እናት ፓፓያቸውን ሸጠው፣ የቡና ቅጠል ሆጃቸውን ጠጥተው፣ ባዶ ዘንቢላቸውን እያወዛወዙ ሲመለሱም እዚያው ነበርኩ። እንዲያውም ሲመለሱ ሰላም አሉኝ፤ ጎረቤት ሆነን ነበር። በመጨረሻ ወደ ቀኝ ታጠፍኩ።

እውነቱን ላውጣውና ልገላገል፤ በሃምሳ ስድስት ዓመቴ መንጃ ፈቃድ የለኝም። ኖሮኝም አያውቅም። ሦስት አሥርት ዓመታት ናዝሬት ስኖር ለጠየቀኝ ሁሉ «መኪናዬ ጋራዥ ናት» እያልኩ ነው ያሳለፍኩት፤ በዓለም ላይ እንደ እኔ መኪና ጋራዥ የከረመች የለችም። ታዲያ ወደ ትውልድ ከተማዬ ከተመለስኩ በኋላ ትልቁ ልጄ ያገለገለች ግን ጤነኛ ቶዮታ ገዝቶ ቁልፏን መዳፌ ላይ አኖረና «በል አባዬ፣ ንዳና አሳየን» አለኝ። ያን ቀን ወገቤን አመመኝ። ሦስት ወር ሙሉ አመመኝ። ሐኪሙ ወገቤን አገላብጦ አይቶ ምንም ሲያጣ፣ ባለቤቴ ከወጥ ቤት ሳትወጣ በሽታውን አገኘችው። «ያመመህ ወገብህ አይደለም፣ ውሸትህ ነው፤ ሂድና ተማር» አለችኝ። ሄድኩ።

አሰልጣኛችን ሐያት ትባላለች። ወደ አርባ የሚጠጋት፣ ጥቁር ሒጃብ ከጥቁር መነጽር ጋር የምታደርግ፣ ለፀሐዩ ብላ ጓንት የምታጠልቅ፣ አንድ እግሯን በእሷ በኩል ካለው ፍሬን ላይ ለሰላምታ እንኳ የማታነሳ ሴት ናት። ከኋላ ወንበር ሜሮን የምትባል ልጅ ተራዋን ትጠብቃለች፤ ኢንዱስትሪ ፓርክ ውስጥ ልብስ ትሰፋለች፣ ከፈረቃዋ በፊት ደግሞ መጥታ እኔ ላይ ትስቃለች። ሐያት «አንተ» ነው የምትለኝ። ድሬ ለሽማግሌም ለሹምም «አንተ» ናት። ናዝሬት «እርስዎ፣ እርስዎ» እያሉ ያለ ዕድሜዬ አስረጅተውኝ ስለነበር፣ ይህ የድሬ «አንተ» በገባሁ በሳምንቱ አሥር ዓመት ቀንሶልኛል።

ሐያት ስለ ግራ መታጠፍ ስታስተምር ሌላ ሰው ትሆናለች። ለቀኝ መታጠፍ ሁለት ቃል ከበቃት፣ ለግራው እንደ ጁምዓ ሰባኪ ኹጥባ ታደርጋለች። «ስትጠብቅ ጎማህን አታዙር» ትለኛለች፤ «ቀጥ አድርገህ ጠብቅ። ከኋላህ የመጣ ቢገፋህ ወደፊት ትንፏቀቃለህ። አስቀድመህ ጎማህን ካዞርከው ግን፣ ከፊት ለሚመጣው መኪና ራስህን በትሪ አቀረብክለት ማለት ነው።» ከዚያ በጓንቷ ከፊተኛው መስታወት በግራ በኩል ያለውን ቋሚ ብረት ታንኳኳለች፤ «ይህችን ቀጭን ብረት ታያለህ? ከእሷ ጀርባ ባጃጅ ከነተሳፋሪው ይደበቃል። አንገትህን ወደፊት አውጣ፣ ወደኋላ መልስ፣ ደግመህ እይ።» ዛሬ ጠዋት ደግሞ ከፊት ለፊታችን እንደኛው ወደ ግራ ሊታጠፍ የቆመ ሚኒባስ መብራቱን ብልጭ አድርጎ በእጁ «ግባ» ሲለኝ፣ እኔም በምስጋና ፍሪሲዮኑን ልለቅ ስል፣ ፍሬኗን ረገጠችው። ከሚኒባሱ ጀርባ አንድ ባጃጅ ሽው ብሎ በአፍንጫችን ሥር አለፈ። «አትመነው አቦ» አለችኝ። «እሱ ‹ግባ› ያለህ ራሱ ስለቆመ ነው፤ ከጀርባው ያለውን አላየልህም። ቸኩሎ መታጠፍ አባቴን ምን እንዳደረገው እኔ ነኝ የማውቀው።»

ወደ ቀኝ የታጠፍኩት ያኔ ነው። ከዛፍ ጥላ ሥር አስቁማኝ፣ ሞተሩን አስጠፍታ፣ ወደ ሜሮንም ዞራ ትምህርቷን ቀጠለች። «አባቴ ፔጆ ታክሲ ነበረው» አለች። «ወደ ግራ የማይታጠፍ ፔጆ።»

ክርኔ ክላክሱ ላይ ወደቀ። መንገድ ላይ የነበረ ፍየል ሁሉ በረገገ። በድሬዳዋ ታሪክ ወደ ግራ የማይታጠፍ ፔጆ አንድ ብቻ ነው። የአደም ቀኙ ፔጆ።

እናንተዬ፣ ያን ጊዜ ብታዩት! የከዚራ ዛፎች ከመንገዱ ግራና ቀኝ ተነስተው ከላይ ይጨባበጡ ነበር፤ ከባቡር ጣቢያው እስከ ገንደ ቆሬ ጫፍ ፀሐይ ሳይነካህ ትሄዳለህ ብዬ ብነግራችሁ ትንሽ ብቻ ነው የማጋንነው። ታክሲ በሃምሳ ሳንቲም ነበር። አንዲት ባጂያ በአምስት ሳንቲም፣ ያውም ቃሪያው በነጻ። ሸሚዝ ሰፊ ኮሌታ ካልኖረው ሸሚዝ አይባልም፤ የእኔ ኮሌታ ነፋስ ሲገባበት ከመሬት ያነሳኝ ነበር። ሱሪያችን ከወገብ በላይ፣ ከእምብርትም በላይ፣ ከብብት ትንሽ ዝቅ ብሎ ነበር የሚታሰረው። ከመጋላ ካሴት ቤቶች አንዱ የሶማሊ ዘፈን፣ ቀጥሎ ያለው የኦሮምኛ፣ ሦስተኛው የአረብ ሲለቁ፣ ደቻቱ ድልድይ ላይ ቆሞ ሦስቱን በአንድ ጆሮ መስማት ይቻላል፤ ዛሬ ሁሉም በየኪሱ የራሱን ይዞ በየጆሮው ሰክቶ ይሄዳል፣ ድልድዩም ዝም ብሏል። ከቀትር በኋላ ደግሞ ከተማው ሽርጡን አሸርጦ ይዘጋል። ሐሩሩ አስፋልቱን እንደ ማስቲካ ያለሰልሰው ስለነበር፣ የጫማ ተረከዝ አስፋልት ላይ ተቀብሮ የቀረበት ሰው አውቃለሁ። ጫማውንም አውቀዋለሁ፤ የእኔ ነበር።

ሃያ ሦስት ዓመቴ ነው። መጋዘን ጸሐፊ ነኝ፤ አባቴ የባቡር ሠራተኛ ስለነበር ከዚራ ነው የምንኖረው። ቀኑን ሙሉ ስለማወራ ከተማው «ራዲዮ» ይለኛል፤ ተሾመ የሚለውን የሚያውቁት እናቴና የደመወዝ መዝገቡ ብቻ ናቸው። አደም ደግሞ ቤታችን አጠገብ ካለው ማዕዘን የሚቆም የታክሲ ሾፌር ነው። ቀጭን፣ ረጅም፣ ነጭ ኮፊያ ከራሱ የማይለይ፣ መፋቂያ ከአፉ የማይወጣ። ፔጆዋ የወተት ሻይ ቀለም አላት። ዳሽቦርዷ ቀይ ከፋይ ለብሷል፤ ዳር ዳሩ የወርቅ ዘርፍ። ሙሽራ ቤት የገባህ ነው የሚመስልህ። ጠባዩ ግን ሌላ ነው፤ ስድብ ሳይመልስ አያሳልፍም። ግመል ብትተፋበት እንኳ ወርዶ ነው የሚመልስላት።

አደም ወደ ግራ አይታጠፍም። ከጣቢያው ተነስተህ አንዴ ወደ ግራ ታጥፈህ የምትደርስበት ቦታ ከሆነ፣ እሱ መታጠፊያውን ቀጥ ብሎ ያልፍና፣ አንዴ ወደ ቀኝ፣ ሁለቴ ወደ ቀኝ፣ ሦስቴ ወደ ቀኝ ዞሮ ያደርስሃል። ከዚራ እንደ ዳማ ሰሌዳ የተሰመረ ሰፈር ስለሆነ ይህ ነገር ይቻላል። መጋላ ውስጥ ግን፣ መንገዱ እንደ ተዘረገፈ አንጀት ስለሆነ፣ አይቻልም፤ ስለዚህ የመጋላ ሰው ከጫነ ድልድዩ ላይ ያወርደውና «የቀረችውን በእግርህ ጨርሳት፣ ደም ሥርህ ይፈታል» ይለዋል። «ለምንድነው አደም?» ስለው «ቀኝ ይሻላል» ብቻ ነው መልሱ።

ይህች ሁለት ቃል እኔ ራዲዮው እጅ ወደቀች። ከቀትር በኋላ ወጣቱ ፍራሽ ላይ ተደግፎ በሚሰበሰብበት ቤት ገብቼ፣ ምንም ሳልሳቀቅ፣ አደም ወደ ግራ የማይታጠፈው ቀኝ በረካ ስላለው ነው አልኩ። በቀኝ እጅ ይበላል፣ በቀኝ እግር ቤት ይገባል፣ ታዲያ መኪና ከሰው ምን ለያት አልኩ። አልበቃኝም፤ አደም የጫናት ነፍሰ ጡር ሐኪም ቤት ሳትደርስ ምጡ እንደሚቀላት፣ ያውም መንታ ከሆነ ሁለቱም እየሳቁ እንደሚወለዱ ጨመርኩበት። በሳምንቱ ማዕዘኑ ላይ ሰልፍ። በወሩ ከአደም ፔጆ ሌላ ሙሽሪት የምትሳፈርበት የሠርግ መኪና ጠፋ፤ ከቢዮ አዋሌ አንድ አባት ልጃቸውን ሊድሩ መጥተው ለሦስት ቀን ጠበቁት። ትራፊክ ፖሊሱ ራሱ ሚስቱን ሲያሳፍር «አደም፣ አደራ፣ በቀኝ በኩል» አለው። አደም ግራ ገባው። «ወርያ ራዲዮ፣ ሰዉ ምን ነክቶት ነው?» ሲለኝ «ማሻአላህ በል እንጂ ምን ትጠይቃለህ» አልኩት።

ምስጢሩን ያወቅኩት በተንኮሌ ነው። አንድ ጠዋት መሪው ላይ ተቀምጦ ተሳፋሪ ሲጠብቅ፣ በግራ በኩል በመስኮቱ አጠገብ ቆሜ ምላሴን አወጣሁበት። ዝም። ጆሮዬን ይዤ የአህያ ጆሮ አደረግኩት። ዝም። ግመልን የማይምር ሰው ዝም አለኝ። ሳምቡሳ ነበር በእጄ፤ ከአፍንጫው አንድ ክንድ ርቀት ላይ ይዤ አወዛወዝኩት። አደም መፋቂያውን እያኘከ ወደፊት ያያል። ሳምቡሳው እጄ ላይ ቀዘቀዘ፤ እኔም ቀዘቀዝኩ። በመጨረሻ የዘይቱ ሽታ ደረሰውና አንገቱን ሙሉ በሙሉ አዞረ። እኔን ከነሳምቡሳዬ ሲያየኝ ደነገጠ።

«ከመቼ ጀምሮ ነው እዚህ የቆምከው?» አለኝ።

«ምላሴን ካወጣሁ ቆየሁ» አልኩት።

በሩን ከፍቶ አጠገቡ አስቀመጠኝና ነገረኝ። ልጅ ሆኖ ጋራዥ ሲሠራ የብየዳ ፍንጣሪ ግራ ዓይኑ ውስጥ ገብቶ ነበር። ዓይኑ ከውጭ ሲታይ ደህና ነው፣ ውስጡ ግን ጨለማ። ቀጥታና ወደ ቀኝ አንድ ዓይን ይበቃዋል፤ ወደ ግራ ሲሆን ግን ከፊተኛው ቋሚ ብረት ወዲያ ያለው ዓለም ለእሱ የለም። የሚመጣውን ለማየት አንገቱን እንደ ጉጉት ማዞር አለበት፣ አንገቱን ሲያዞር ደግሞ በቀኝ የሚመጣው ያመልጠዋል። ስለዚህ ሰው እንዳይገድል ብሎ ግራን ከሕይወቱ አወጣት። ሚስትና አንዲት ልጅ አለው። መንጃ ፈቃዱ ከተወሰደ ሌላ ሙያ የለውም። «ራዲዮ» አለኝ፣ «ይህችን አታሰራጫት።» እኔም በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ አንድ ዜና ዋጥኩ፤ ሆዴን ለሦስት ቀን ነፋኝ። አንድ ዓይን ያለው ሰው ሕዝብ ሲያመላልስ ዝም ማለቴ ልክ እንዳልነበር ዛሬ አውቃለሁ። ያኔ ግን ጓደኝነት ነው የመሰለኝ።

እንዲህ እያለ በሰላም ይኖር የነበረው፣ ከዕለታት አንድ ቀን ማዘጋጃ ቤቱ ከዚራ አንድ ጎዳና ላይ «አንድ አቅጣጫ» የሚል ሰሌዳ እስኪተክል ነው። የአደም ሦስት ቀኝ በዚያ ጎዳና ነበር የምትዞረው። ሰሌዳው ቀይና ነጭ ሆኖ ቆሞ ሲያይ፣ እንደ ሬሳ ሳጥን አየው። ያለ አንዲት ግራ ወደ ማዋለጃው ሐኪም ቤት የሚያስገባ መንገድ ጠፋ። ነፍሰ ጡሮች ደግሞ፣ በእኔ ውሸት የተነሳ፣ ሌላ ታክሲ እምቢ ብለዋል። ያን ጊዜ ነው እኔ ደረቴን ነፍቼ «ግራ ዓይንህ እኔ ነኝ» ያልኩት።

እንዴት ያለ ሥራ ነበር! ከሥራ በፊትና ከሥራ በኋላ ከአደም ጀርባ፣ በግራ በኩል ባለው መስኮት አጠገብ እቀመጣለሁ። ማዕዘኑ ላይ ደርሰን ሲቆም፣ ራሴን በመስኮቱ አውጥቼ ዛፍ የሚያህለውን የቡገንቪላ አጥር አልፌ አያለሁ። «ግራ?» ይለኛል። «ቆይ፣ ጋሪ» እላለሁ። «ግራ?» ይለኛል። «ቆይ፣ የጭነት መኪና፣ ሽንኩርት ጭኗል፣ ሾፌሩ አዲስ ኮፊያ ገዝቷል» እላለሁ። «ኮፊያውን ማን ጠየቀህ» ይላል። ከዚያ ነጻ ሲሆን «ሂድ» እለዋለሁ፤ ፔጆዋም፣ አደም «ሱታ፣ ሱታ፣ ቀስ» እያለላት፣ ቀስ ብላ እንደ መርከብ ትዞራለች። ተሳፋሪዎች በረካው ግራም ጀመረው ብለው ተደሰቱ። የአደም ሴት ልጅ፣ የፊት ሁለት ጥርሶቿ የወለቁ ሐዩ የምትባል ሕፃን፣ አንዳንዴ ጋቢና ተቀምጣ እኔን እየቀደመች «ሂድ» ትላለች፤ አደም ግን ከእኔ አፍ ካልሰማ አይንቀሳቀስም። አንድ ከተማ ውስጥ አንድ ሰው ሙሉ በሙሉ ያምንሃል ማለት ምን ማለት እንደሆነ የገባኝ እዚያ ወንበር ላይ ነው። ዛሬ ባጃጆቹ የፊት መስታወታቸውን በዘርፍና በተለጣፊ ሸፍነው፣ በጣት የምትለካ ቀዳዳ ትተው፣ በዚያችም እየሳቁ ሲታጠፉ ሳይ፣ የአደም አንድ ዓይን ይሻላቸው ነበር እላለሁ።

ያች ቀን ቅዳሜ ጠዋት ናት። ሠርግ ነበረ፤ እኛ ሙሽሪትን ልናመጣ ባዶ መኪና ይዘን እየሄድን ነው። ከፋዩ ተጠርጓል፣ ኮፈኑ ላይ ቡገንቪላ ታስሯል፣ ካሴቱ ዝቅ ብሎ ይዘፍናል። ማዕዘኑ ላይ ደረስን። «ግራ?» አለ አደም። «ሂድ» አልኩት። ታጠፈ።

በግራ በኩል በቢስክሌት ዑመር እየመጣ ነበር። ዑመር ለጭማቂ ቤቶች በረዶ የሚያመላልስ ሰው ነው፤ ትልልቅ የበረዶ ድንጋይ በጆንያ ጠቅልሎ ከኋላው ይጭናል። የፔጆዋ የፊት ጎን መታው። ቢስክሌቱ ወዲያ፣ ዑመር ወዲህ፣ በረዶው ግን አስፋልቱ ላይ ሺህ ቦታ ተበታትኖ እንደ መስታወት አበራ። ከየቤቱ የወጣው ሰው ግማሹ ዑመርን ሲያነሳ፣ ግማሹ በረዶ ይለቅም ነበር፤ ሐሩር ነው፣ ድሬ ናት፣ አልፈርድም። ዑመር አልሞተም። ክንዱ ተሰበረ። አደም መሬት ላይ ተንበርክኮ የዑመርን ራስ ጭኑ ላይ አድርጎ፣ ትራፊክ ፖሊሱ ሲመጣ ቀና ብሎ ሳይጠየቅ ተናገረ፤ «ከኋላዬ ያለው ልጅ ገና ምንም አላለኝም። እኔ ነኝ ቸኩዬ የታጠፍኩት።» ከዚያ መንጃ ፈቃዱን ከኪሱ አውጥቶ ሰጠው፤ «ግራ ዓይኔ አያይም» አለው።

እኔ ቆሜያለሁ። ራዲዮው ተዘግቷል።

ፔጆዋ ተሸጠች። የዑመር ክንድ በሁለት ወር ዳነ። አደም ያችው ማዕዘን ላይ በርጩማ አውጥቶ ማስቲካና ሲጋራ መሸጥ ጀመረ፤ ከዚያ ቦታ አንድ ዓይን ለሁለቱም አቅጣጫ ይበቃ ነበር። ወደ ግራ ሊታጠፍ የሚቆመውን ሾፌር ሁሉ «ቆይ» ወይም «ሂድ» ይለዋል፤ ሾፌሮችም ያምኑታል። አንድ ቀን አጠገቡ ሄጄ ቁጭ አልኩና ስለዚያ ቅዳሜ ልናገር አፌን ስከፍት «ራዲዮ፣ ያንን ጣቢያ ዝጋው» አለኝ። ዘጋሁት። በሦስተኛው ወር ናዝሬት ሥራ አግኝቼ ሄድኩ። የሞቱን ወሬ የሰማሁት እዚያ ሆኜ፣ ከተቀበረ ከዓመት በኋላ ነው።

እና ዛሬ፣ ከዛፉ ጥላ ሥር፣ ሐያት መነጽሯን ግንባሯ ላይ ሰቅላ ለሜሮን ትተርካለች። አባቷ ራዲዮ የሚባል፣ እንደ ንስር የሚያይ ወዳጅ ነበረው። አባቷ ግን ያን ቀን ለሠርግ ቸኮለ፤ ራዲዮ አፉን ሳይከፍት መሪውን ጠመዘዘ። «ስምንት ዓመት ሙሉ ለተማሪዎቼ ይህን ነው የምነግራቸው» አለች። «ደግ ሰው ነበር፣ ግን ቸኮለ። እንደ አባቴ አትቸኩሉ እላቸዋለሁ።»

ልቤ እንዴት እንደደለቀ ልነግራችሁ አልችልም፤ ቪትዟ ሞተሯ ጠፍቶ ትንቀጠቀጥ የነበረው በእኔ ልብ ነው። «ሐያት» አልኳት፣ «ሐዩ ነሽ? ጥርሶችሽ የወለቁት?»

ፊቷን ወደ እኔ አዞረች።

«ራዲዮ እኔ ነኝ» አልኩ።

የሆነውን ደስታ መጻፍ አልችልም። በጓንቷ ትከሻዬን መታችኝ፣ ደግማ መታችኝ፣ «ወላሂ በለኝ» አለችኝ፣ ወላሂ አልኳት፣ አለቀሰች፣ ሳቀች፣ እናቷ ጋ ደወለች፣ እናቷ ስልኩ ላይ እልል አሉ። ሜሮን አጨበጨበች፤ እኔ ላይ ሳትስቅ ሳያት የመጀመሪያዬ ነው። አላፊ አግዳሚው ሎተሪ የደረሰን መሰለው። «እዪው» አለቻት ሐያት ለሜሮን፤ «የአባቴ ግራ ዓይን ይህ ነው። እሱን ቢጠብቀው ኖሮ ፔጆዋን አናጣም ነበር።»

እዚህ ላይ ዝም ብል ማንም አያውቅብኝም። የንስር ዓይን ሆኜ፣ ምሳ ተጋብዤ፣ ምናልባትም መንጃ ፈቃዱ በምርቃት ተሰጥቶኝ ቤቴ እገባ ነበር። አደም ራሱ ዝጋው ያለኝ ጣቢያ ነው። ግን ስምንት ዓመት ሙሉ፣ በየሳምንቱ፣ የገዛ ልጁ እሱን የማይሆን ምሳሌ አድርጋ ስታስተምር እንዳልሰማ መሆን አቃተኝ።

«አባትሽ አልቸኮለም» አልኳት። «እንደ ወትሮው ቆሞ ጠየቀኝ። ‹ሂድ› ያልኩት እኔ ነኝ።»

እጇ ትከሻዬ ላይ ቀረ። ስልኩ ላይ እናቷ «አሎ፣ አሎ» ይላሉ። ዘጋችው። «አባቴ ቸኩሎ አያውቅም ነበር» አለች፤ ለእኔ ሳይሆን ለራሷ ነው። «ሶላት ሲረፍድበት እንኳ አይቸኩልም። እኔም ይህ ነገር ሁሌ ይደንቀኝ ነበር።» መነጽሯን መልሳ አደረገች። ከመነጽሩ ሥር ግን እንባው ይወርዳል። «እሺ» አለችኝ። «ነገ አዲስ ተማሪዎች ይመጣሉ። አንተ ትመጣና ራስህ ትነግራቸዋለህ። በአፍህ። የእኔ አባት እንደጠበቀና እንደጠየቀ ትነግራቸዋለህ።»

«እነግራቸዋለሁ።»

«አይተህ ነው ‹ሂድ› ያልከው?»

«ሳላይ ነው።»

ከኋላ ወንበር ሜሮን ናት የጠየቀችው፣ ቀስ ብላ፤ «ታዲያ ያኔ ምን እያየህ ነበር?»

ይህን አደምም አያውቀውም ነበር፤ አንድም ሰው አያውቀውም። መስኮቱ አጠገብ፣ የፔጆዋ የግራ ጎን መስታወት፣ እስፖኪዮው፣ ወደ እኔ ዞሮ ነበር። ለሠርጉ ብዬ ፀጉሬን ቅባት አጠጥቼ ነበር የመጣሁት፤ ከግንባሬ በላይ አንዲት ጉብታ አልተኛ ብላኝ በማበጠሪያዬ ጥርስ እያስተኛኋት ነበር። አደም «ግራ?» ሲለኝ ወደ መንገዱ አላየሁም። እስፖኪዮው ውስጥ ራሴን እያየሁ፣ አምሮብኛል ብዬ ፈገግ እያልኩ ነው «ሂድ» ያልኩት።